የባንድ ትርዒት ድምፅ ቀረጻ

የባንድ ትርዒት ድምፅ ቀረጻ ማለት አንድ ባንድ በመድረክ ላይ ሲጫወት በቪዲዮ ሲቀረጽ ከምስሉ ጋር የሚሄደውን ድምፅ የመያዝ፣ ከምስሉ ጋር የማመሳሰልና የማዋሃድ ሥራ ነው። ከስቱዲዮ ቀረጻ የሚለየው ድጋሚ የሌለው በመሆኑ ነው። በስቱዲዮ ዘፋኙ ከተሳሳተ ስንኙን ይደግመዋል፤ በመድረክ ላይ ግን ያመለጠ ድምፅ አመለጠ ነው።

በዚህ ሥራ በብዛት የሚታየው ጉድለት ምስሉ ጥሩ ሆኖ ድምፁ መበላሸቱ ነው። ምክንያቱ የመሣሪያ ዋጋ ብቻ አይደለም። ለካሜራ የሚመቸው ቦታ ለማይክሮፎን አይመችም። ካሜራ መላውን መድረክ ለማየት ወደ ኋላ መራቅ ይፈልጋል፤ ማይክሮፎን ደግሞ በተቃራኒው ወደ ድምፁ ምንጭ መቅረብ ይፈልጋል። ስለዚህ ድምፁ ከካሜራው ተለይቶ መያዝ አለበት፤ ቀሪው ሥራ ሁለቱን መልሶ ማገናኘት ነው።

በአዲስ አበባ ቸርችል ጎዳናና በላይኛው ጫፉ ያለው የፒያሳ ሰፈር ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ። በእግር በሚደረስ ርቀት ውስጥ ትልቅ ቴአትር ቤት፣ የሆቴል አዳራሽና ጠባብ የሙዚቃ ቤት ስለሚገኙ፣ አንዱ ጋ የሚሠራው ዘዴ ሌላው ጋ የማይሠራበት ምክንያት በግልጽ ይታያል።

ታሪክ በቸርችል ጎዳና

ቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤት ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ለገሃር የባቡር ጣቢያ ይወርዳል። ከላይ በኩል በፒያሳ አካባቢ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ቴአትር አለ። በታችኛው በኩል ደግሞ በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት የተከፈተውና በመጀመሪያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ይባል የነበረው ብሔራዊ ቴአትር ይገኛል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ስቱዲዮው በማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ስለዚህ በአገሪቱ ሙዚቃን ከምስል ጋር አያይዞ የማቅረብ ሥራ በዚሁ ጎዳና ራስጌ ተጀመረ ማለት ይቻላል።

ለድምፅ ቀረጻ ታሪክ ከሁሉ በላይ የሚጠቀሰው ቦታ ግን በጎዳናው ላይ ያለው ራስ ሆቴል ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 አይቤክስ ባንድ ከስዊድናዊው ካርል ጉስታቭ ሉንድግረን ጋር በሆቴሉ የዳንስ አዳራሽ «ስቴሪዮ ኢንስትሩሜንታል ሙዚክ» የተባለውን ሥራ ቀረጸ። በባንዱ ውስጥ ቤዝ ጊታሪስቱ ጆቫኒ ሪኮና ጊታሪስቱ ሰላም ስዩም ወልደማርያም ነበሩ። ማሕሙድ አሕመድን በ«እረ መላ መላ» ያጀበው ይኸው ባንድ ሲሆን በኋላ ሮሃ ባንድ በሚለው ስም ታወቀ። የራስ ሆቴሉ ቅጂ ምስል የለውም፤ ሆኖም ድምፁ በጥንቃቄ ስለተያዘ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ እንደገና ሊታተም ችሏል። ተገላቢጦሹ ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም ምስሉ ጥሩ ሆኖ ድምፁ የማይሰማ ቢሆን፣ ዛሬ ማንም ደግሞ አይሰማውም ነበር።

ቅጂው ከቦታው በላይ ሊኖር እንደሚችል የሚያሳየው ሌላው ምሳሌ ጃዛምባ ነው። ጃዛምባ በአገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል በሚባለው በፒያሳው ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረ የጃዝ ቤት ሲሆን፣ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በሆቴሉ ላይ በደረሰው የእሳት አደጋ ወደመ። የዚያ ክፍል ድምፅ ዛሬ የሚገኘው ሰዎች በቀረጹት ውስጥ ብቻ ነው።

የካሜራው ማይክሮፎን ለምን አይበቃም

በክፍት ቦታ ከድምፅ ምንጭ ያለው ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በአዳራሽ ውስጥ ግን ከግድግዳ፣ ከጣሪያና ከወለል እየነጠረ የሚመጣው ድምፅ በየቦታው ተመጣጣኝ ሆኖ ይቆያል። ውጤቱም ወደ ኋላ በተሄደ ቁጥር በቀጥታ ከመድረክ የሚመጣው ድምፅ እየደከመ፣ የገደል ማሚቶው ድርሻ እየበዛ መሄዱ ነው። ከአንድ ርቀት በኋላ የነጠረው ድምፅ ከቀጥታው ይበልጣል። ከኋላ ወንበር በስልክ የተቀረጸ ዘፈን ግጥሙ የማይለየው፣ ቤዙም እንደ ጭጋግ የሚሆነው በዚህ ነው። የሰው ጆሮ በሁለት አቅጣጫ ስለሚሰማና አእምሮም ትኩረቱን ስለሚመርጥ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ተመልካች ይህን ያህል አይቸገርም፤ ማይክሮፎን ግን የደረሰውን ሁሉ እኩል ይይዛል።

ሁለተኛው ችግር በስልኮችና በብዙ ካሜራዎች ላይ ያለው ራሱን በራሱ የሚያስተካክል የድምፅ መጠን ነው። ይህ አሠራር ለንግግር የታሰበ ነው። ድራሙ ሲመታ መጠኑን ወደ ታች ይጫነዋል፣ ሙዚቃው ሲያርፍ ደግሞ መልሶ ያወጣዋል። በመሆኑም አንድ መሲንቆ ብቻውን ሲጀምር ጎልቶ ይሰማና ባንዱ ሲገባ ሁሉም ነገር ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ሙዚቀኛው ሆን ብሎ ያደረገው የዝግታና የጉልበት ልዩነት ይጠፋል ማለት ነው። ካሜራው መጠኑን በእጅ ማስተካከል የሚፈቅድ ከሆነ አውቶማቲኩን መዝጋት ይገባል። የማይፈቅድ ከሆነ የካሜራው ድምፅ ለማመሳሰያ ብቻ ይውላል።

ከሚክሰር የሚወሰድ ድምፅ

ብዙ ጀማሪዎች መፍትሔው ከሳውንድ ማኑ ሚክሰር ላይ አንድ ኬብል መሳብ ብቻ ይመስላቸዋል። ይህ ግማሽ መፍትሔ ነው። የሚክሰሩ ዋና መውጫ የሚይዘው ባንዱ የሚጫወተውን ሁሉ አይደለም፤ የሚይዘው አዳራሹ ውስጥ በስፒከር መታገዝ ያለበትን ብቻ ነው። በጠባብ የፒያሳ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ድራሙና የጊታር አምፑ ያለ እርዳታ ቤቱን ስለሚሞሉ ሳውንድ ማኑ በስፒከር አያወጣቸውም፣ ወይም በጣም በትንሹ ብቻ ይጨምራቸዋል። ከሚክሰሩ የተቀዳው ሲሰማ ታዲያ ዘፋኙ ፊት ለፊት ቆሞ ድራሙ ጎረቤት ቤት ያለ ይመስላል። እንደ ብሔራዊ ቴአትር ባለ ትልቅ አዳራሽ ግን ሁሉም መሣሪያ ማይክሮፎን ስለሚደረግለት ከሚክሰሩ የሚወጣው ድምፅ ወደ ሙሉነት ይቀርባል። ስለዚህ አዳራሹ ሲያንስ የሚክሰሩ ድምፅ አስተማማኝነትም አብሮ ያንሳል።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ሳውንድ ማኑን አስፈቅዶ ከዋናው መውጫ ሳይሆን ከአንዱ ረዳት መውጫ ለቀረጻ ብቻ የሚሆን የተለየ ሚክስ ማዘጋጀት ነው። በዚህ ውስጥ ድራሙና ጊታሩ አዳራሹ ውስጥ ካላቸው ድርሻ በላይ ከፍ ይላሉ። ረዳት መውጫው ከዋናው የድምፅ መቆጣጠሪያ በፊት እንዲነሣ መደረግ አለበት፤ አለበለዚያ ሳውንድ ማኑ ለአዳራሹ ባነሣና ባወረደ ቁጥር ቀረጻውም ይናወጣል። ሁለተኛውና የተሻለው መንገድ እያንዳንዱን መሣሪያ በየራሱ ትራክ መቅዳት ነው። እንደ ቤህሪንገር ኤክስ 32 ያሉ ዲጂታል ሚክሰሮች 32 ትራኮችን በአንድ የዩኤስቢ ገመድ ወደ ላፕቶፕ ይልካሉ። በዚህ መንገድ ሚክሱ ከትርዒቱ በኋላ በእርጋታ ሊሠራ ይችላል።

እዚህ ላይ የመረጃውን ብዛት አስቀድሞ ማስላት ይጠቅማል። አንድ ትራክ በ48 ኪሎ ሄርዝና በ24 ቢት ሲቀዳ በሰዓት 518 ሜጋ ባይት ገደማ ይይዛል፤ 16 ትራክ ለ2 ሰዓት ሲቀዳ ደግሞ ከ16 ጊጋ ባይት ያልፋል። የተለመደው የዌቭ ፋይል ከ4 ጊጋ ባይት በላይ መሆን ስለማይችል፣ 16 ትራኮች በአንድ ፋይል ከተያዙ በ31 ደቂቃ አካባቢ ገደቡ ይሞላል። ጥሩ መቅጃ ሳያቋርጥ ወደ ቀጣዩ ፋይል ይሻገራል። ያልተሞከረ መቅጃ ግን በዘፈን መካከል ሊቆም ስለሚችል ከትርዒቱ ቀን በፊት ለአንድ ሰዓት ያህል ባዶውን ማስቀዳትና ማየት ያስፈልጋል።

ከሚክሰር ወደ ካሜራ በቀጥታ ሲገናኝ የሚፈጠር ሌላ ስህተት የኃይል አለመመጣጠን ነው። የሚክሰር መውጫ በሙያ ደረጃ 1.23 ቮልት ገደማ ሲሆን የካሜራ ማይክሮፎን መግቢያ ግን የሚጠብቀው ጥቂት ሺኛ ቮልት ነው። በመካከላቸው ማዳከሚያ ካልገባ ድምፁ ይቀደዳል፤ የተቀደደ ድምፅም በኤዲቲንግ አይመለስም።

የአዳራሽ ማይክሮፎን

ከሚክሰር ብቻ የተወሰደ ድምፅ ንጹሕ ቢሆንም የሞተ ነው። ሰው የሌለበት ክፍል ውስጥ የተጫወተ ይመስላል። ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ምክንያቱም ጭብጨባውና እልልታው ተመልካቹ ለሙዚቃው የሚሰጠው ምላሽ ብቻ ሳይሆኑ የሙዚቃው አካል ናቸው። እስክስታ የሚወርዱ ተወዛዋዦች ትንፋሽና የእግራቸው ምት እንኳ በምቱ ውስጥ ድርሻ አላቸው። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ማይክሮፎኖች ለአዳራሹ ብቻ መመደብ አለባቸው።

ሁለት የተለመዱ አተካከሎች አሉ። በአንደኛው የሁለቱ ማይክሮፎኖች አፍ አንድ ቦታ ላይ ሆኖ በ90 ዲግሪ ይለያያሉ፤ ለጠባብ ቤት የሚመከረው ይህ ነው። በሁለተኛው በፈረንሳይ ብሮድካስት ድርጅት በተዘጋጀው ዘዴ በ17 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው በ110 ዲግሪ ይከፈታሉ፤ የአዳራሹን ስፋት የበለጠ ያሳያል። ቦታቸው ከመድረኩ ብዙ ሳይርቅ፣ ከሰው ራስ ከፍ ብሎ፣ ከስፒከሮቹ ፊት ለፊት ገለል ቢል ይመረጣል።

መራቅ የሌለባቸው ስለ ጭብጨባው ነው። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከመድረኩ 20 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ተመልካች ምቱን የሚሰማው 59 ሚሊ ሴኮንድ ዘግይቶ ነው። እርሱ በሰማው ላይ ያጨበጭባል፤ ጭብጨባው መድረክ እስኪደርስ ሌላ 59 ሚሊ ሴኮንድ ይወስዳል። በድምሩ 118 ሚሊ ሴኮንድ መዘግየት በፈጣን የጭፈራ ምት ላይ ጆሮ የሚጎረብጥ ነው። ባንዱ ምት የሚያጣ የሚመስላቸው አድማጮች ብዙ ጊዜ የሚሰሙት የኋላውን ረድፍ ጭብጨባ ነው። ማይክሮፎኖቹ የፊት ረድፎችን ጭብጨባ አጉልተው ከያዙ ይህ ይቀንሳል።

የባህል መሣሪያዎች

ለድራም፣ ለጊታርና ለድምፃዊ ማይክሮፎን አደራረግ ብዙ ተጽፏል። ስለ መሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ ግን በአማርኛ የሚገኘው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ እዚህ ዘርዘር ማድረግ ተገቢ ነው።

መሲንቆ ድምፁ በብዛት የሚወጣው ቆዳ ከለበሰው ገበታው ነው። ማይክሮፎኑ በ20 እና በ30 ሴንቲ ሜትር መካከል ርቆ ወደ ቆዳው ቢያይ ጥሩ ነው፤ ወደ ደጋኑ በጣም ከቀረበ የፈረስ ጭራው ፍትጊያ ከዜማው ይልቅ ይጎላል። አዝማሪው እየዞረ የሚጫወት ከሆነ ቋሚ ማይክሮፎን ከንቱ ነው፤ በመሣሪያው ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ ማይክሮፎን ያስፈልጋል። አዝማሪው እየተጫወተ ስለሚዘፍንም ሁለቱ ድምፆች በሁለቱ ማይክሮፎኖች ውስጥ መደባለቃቸው አይቀርም፤ ይህን ለማጥፋት መታገል አያስፈልግም።

በባንድ ውስጥ ያለው ክራር ብዙ ጊዜ በኤሌክትሪክ የሚሠራ በመሆኑ በቀጥታ ወደ ሚክሰር ይገባል፤ በመካከል የማገናኛ ሳጥን (ዲአይ ቦክስ) ቢደረግ ድምፁ አይሳሳም፣ ጉምጉምታም አያመጣም። ኤሌክትሪክ የሌለው ክራር እንደ መሲንቆ በቅርብ ማይክሮፎን ይያዛል። ዋሽንት ሲቀረጽ ማይክሮፎኑ ከተጫዋቹ አፍ ትይዩ ከሆነ ትንፋሹ ይነፋበታል፤ ከጎን ሆኖ ወደ ጣቶቹ ቀዳዳዎች ቢያይ ዜማው ይጠራል። ከበሮ ሁለት ፊት ስላለው በአንድ ማይክሮፎን ከተያዘ አንዱ እጅ ይጠፋል። ሁለት ማይክሮፎን ከሌለ ወፍራም ድምፅ ወደሚሰጠው ፊት አዘንብሎ በመጠኑ መራቅ ይሻላል።

በኤዲቲንግ ወቅት ጫጫታን የሚያጠፉ ፕሮግራሞችን ለባህል መሣሪያ መጠቀም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እነዚህ ፕሮግራሞች የማያቋርጥ ሹክሹክታን እንደ ጉድለት ስለሚቆጥሩ የዋሽንቱን ትንፋሽ አብረው ያጠፋሉ። የበገና ንዝረትም ሳይቀር እንዲሁ ሊቀነስ ይችላል፤ ያ ንዝረት ግን በጅማቶቹ ሥር በሚገባው ቆዳ ሆን ተብሎ የሚፈጠር የመሣሪያው መለያ ነው።

የድምፅ መጠን

በዲጂታል ቀረጻ ከዜሮ ዴሲቤል በላይ ምንም የለም፤ የሚያልፈው ሁሉ ይቆረጣል። በልምምድ ጊዜ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል ላይ እንዲያርፍ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ሙዚቀኞች ተመልካች ፊት ሲቆሙ ከልምምዱ ይልቅ ጮክ ብለው ስለሚጫወቱ ይህ ክፍተት ይበላል። እልልታም ለአዳራሽ ማይክሮፎን ድንገተኛ ነው። ጸጥ ባለ ዘፈን መካከል ከማይክሮፎኑ አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ሴት ከባንዱ በላይ ልትሰማ ትችላለች። ባለ 24 ቢት ቀረጻ ዝቅ ተደርጎ ቢቀዳም ጥራቱ አይጎዳም፤ ስለዚህ ከመቆረጥ ይልቅ ማሳነሱ ይሻላል። ባለ 32 ቢት ተንሳፋፊ መቅጃዎች ፋይሉ እንዳይቆረጥ ያደርጋሉ፤ ማይክሮፎኑ ራሱ ከአቅሙ በላይ ከተጮኸበት ግን አያድኑትም።

ማመሳሰል

ድምፅና ምስል በተለያየ መሣሪያ ሲያዙ በኋላ መገጣጠም አለባቸው። ቀላሉ ዘዴ ቀረጻው ሲጀመር ሁሉም ካሜራዎች እያዩ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ነው፤ መዳፎቹ የተገናኙበት ምስልና የድምፁ ሹል ጫፍ ይገጣጠማሉ። እንደ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ያሉ ፕሮግራሞች ያለ ጭብጨባም የካሜራውን ድምፅና የመቅጃውን ድምፅ አነጻጽረው ያገጥማሉ። አሠራሩ አንዱን ድምፅ በሌላው ላይ እያንሸራተቱ የት ላይ በጣም እንደሚመሳሰሉ መፈለግ ነው። የአንድ ሰዓት ቅጂ በ48 ኪሎ ሄርዝ 172.8 ሚሊዮን ናሙና አለው፤ እያንዳንዱን መንሸራተት በተራ መሞከር ለኮምፒውተርም ከባድ ስለሆነ በፈጣን የፉሪየር ለውጥ ስሌቱ በብዙ ያጥራል። ለዚህ ነው ካሜራው ላይ ያለው መጥፎ ድምፅ እንኳ መዘጋት የሌለበት፤ የማነጻጸሪያው መነሻ እርሱ ነው።

ይህ ዘዴ ግን አንድ ወጥመድ አለው። በ25 ፍሬም ቪዲዮ አንድ ፍሬም 40 ሚሊ ሴኮንድ ነው፤ ድምፅ በዚህ ጊዜ 13.6 ሜትር ይጓዛል። ከመድረኩ 27 ሜትር ርቆ የቆመ ካሜራ የሚሰማው ድምፅ ከሚያየው ምስል በ2 ፍሬም ይዘገያል። ፕሮግራሙ የሚክሰሩን ድምፅ ከዚህ የዘገየ ድምፅ ጋር ሲያገጥም፣ ጥርት ያለው ድምፅ ከዘፋኙ ከንፈር በ2 ፍሬም ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ካገጠመው በኋላ የድራሙን ዱላ በቅርብ ምስል አይቶ በእጅ ማስተካከል ያስፈልጋል። የአዳራሹ ማይክሮፎኖችም እንዲሁ ናቸው፤ 12 ሜትር ርቀው ከነበሩ ድምፃቸው 35 ሚሊ ሴኮንድ ወደፊት ካልተሳበ እያንዳንዱ የድራም ምት ሁለት ሆኖ ይሰማል።

ሌላው ነገር የሁለት መሣሪያዎች ሰዓት ፍጹም አንድ አለመሆኑ ነው። በሚሊዮን 20 ብቻ ቢለያዩ በአንድ ሰዓት ውስጥ 72 ሚሊ ሴኮንድ፣ ማለትም ወደ 2 ፍሬም የሚጠጋ ልዩነት ይፈጠራል። መጀመሪያው የተገጠመ ቀረጻ መጨረሻው ላይ የማይገጥመው በዚህ ምክንያት ነው። በየዘፈኑ መካከል ቆርጦ እንደገና ማገጣጠም በቂ መፍትሔ ነው።

መብራትና ጫጫታ

መብራት ሲቋረጥ ከግድግዳ ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ የሌለው መቅጃ ያልተዘጋ ፋይል ትቶ ይጠፋል። ከሚክሰሩ ትራኮች ጎን ለጎን በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መቅጃ ማስቀመጥ ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። ጀነሬተር ሲነሣ ደግሞ መብራቱና የድምፅ መሣሪያው ከተለያየ መስመር ከተሳቡ የ50 ሄርዝ ጉምጉምታ ይመጣል፤ ትራንስፎርመር ያለው የማገናኛ ሳጥን ይቆርጠዋል። የመሬት ሽቦውን ቆርጦ ጉምጉምታውን ማጥፋት አንዳንድ ቦታ የሚታይ ልማድ ቢሆንም ማይክሮፎን የያዘውን ዘፋኝ በኤሌክትሪክ ሊገድል ይችላል።

በአሮጌ የፒያሳ ቤቶች የእንጨት ወለል ላይ የጭፈራው ርግጫ በማይክሮፎን ማቆሚያው በኩል ይወጣል፤ ከእግሩ ሥር ወፍራም ስፖንጅ ማድረግና ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን ከድምፃዊው ትራክ መቁረጥ ይረዳል። የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ለሚወርድ የክረምት ዝናብ ግን መፍትሔ የለውም። ያን ምሽት የአዳራሽ ማይክሮፎኖችን ዝቅ አድርጎ በቅርብ ማይክሮፎኖች መደገፍ ብቻ ነው የሚቻለው።

ፈቃድ

በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ገና ያልተቀረጸ ትርዒትን እንዲቀረጽ የመፍቀድ መብት የከዋኙ ነው። ይህ የዜማና የግጥም ደራሲው ካላቸው መብት የተለየ ነው። የአዳራሹ ባለቤት «ቅረጹ» ማለቱ የባንዱን ፈቃድ አይተካም፤ ባንዱ መፍቀዱም የሌላ ሰው ዘፈን ሲጫወት የደራሲውን ፈቃድ አይተካም። ስምምነቱ በጽሑፍ ሲሆን፣ የየትራኩ ጥሬ ቅጂ ከማን ጋር እንደሚቆይ አብሮ ቢጻፍ ይመረጣል፤ ሚክሱ ወደፊት እንደገና ሊሠራ የሚችለው ጥሬው ካለ ብቻ ነውና።